በከል ውስጥ ቀይ ክር

ተናድጄ የሠራሁት ነገር ይጠብቃል። ኪሮሹን የምይዘው ሌላ ጊዜ እንደምይዘው ነው፤ ክሩም ያው ክር ነው፤ ጣቴ ግን ሳላዘው ይስባል። ለእህቴ የጀመርሁትን የክንድ ሹራብ በራሴ እጅ ብሞክረው አውራ ጣቴ ሥር ሲደርስ ቆመ። ፈታሁት። እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ጠበቀ። ኪሮሹን አስቀምጬ ግቢ ወጣሁና ልብስ ማጠብ ያዝሁ። ያጠብሁት የታጠበ ልብስ ነበር።

የክንድ ሹራብ የምለው ጣት የሌለውን ነው። ከክርን ዝቅ ብሎ ይጀምርና አንጓን አልፎ መዳፍ ላይ ያበቃል፤ ለአውራ ጣት ብቻ ቀዳዳ አለው። ጣት ነጻ ስለሚሆን ድንች ይለቀምበታል፣ ላም ይታለብበታል፣ እሳት ይያያዝበታል። እኔ በምኖርበት በፍኖተ ሰላም ይህን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። እህቴ ግን የምትኖረው ደጋ፣ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ነው። እዚያ መስከረም ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። እህቴ ቁርጥማት አለባት። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ጣቶቿ አይታጠፉም።

ያናደደኝ ብርዱ አልነበረም። ብርድ ማንንም አይጠላም።

የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እሷ ታላቄ ናት። አባታችን እኔን ትምህርት ቤት አስገባ፤ እሷን ወደ ቋሪት ዳረ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ስልክ ቤት ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስክወጣ የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖርሁ። ኪሮሽ መያዝም የተማርሁት በትምህርት ቤት፣ በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው። እሷ ሴቶች ልጆች ወለደች። ሁሉም በትዳርና በሥራ ራቁ፤ የመጨረሻዋ ቡሬ ፋብሪካ ትሠራለች። ወንድ ልጅ የላትም። ይህን የማነሣው ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው።

ባሏ ሞተ። ደግ ሰው ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልልም። እህቴ ከል ለበሰች። በአገራችን ሚስት ለባሏ ቀሚሷንም ነጠላዋንም ጥቁር አስነክራ ትለብሳለች። ከሉን የምታወልቀው ግን ራሷ አይደለችም። ተዝካር ከወጣ፣ ዓመትም ከሞላ በኋላ ከሟች ወገን የሆነ ትልቅ ሰው ነጭ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ «ይብቃሽ» ይላታል፤ ሴቶቹ ጥቁሩን አውልቀው ነጩን ያለብሷታል። ራሷ ካወለቀችው «ሞቱን ስትጠብቅ ነበር» ትባላለች። ደግ ልማድ ነው ይሉታል። ሐዘንተኛ ራሷን በሐዘን እንዳትጨርስ፣ በቃሽ የሚል ሰው እንዲኖራት ነው ይላሉ። ይሆናል። በቃሽ ባዩ ሰው በቃሽ አልልም ሲል ምን እንደሚደረግ ግን ያሰበ የለም።

የባሏ ታላቅ ወንድም አልመጣም። ዓመቱ ሞላ፣ አልመጣም። ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ወጣ፣ አልመጣም። ሲጠየቅ «የወንድሜ ሐዘን ገና ከሆዴ አልወጣም» ይላል። ይህን የሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይላል። በመሀሉ ግን ልጁን ድሯል። በሠርጉ ላይ ነጭ ጋቢ አገልድሞ እስክስታ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። እህቴ በዚያ ቀን ጓዳ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ከል የለበሰች ሴት ዳስ ውስጥ አትቀመጥም።

ምክንያቱ እርሻው ነው። መሬቱ የእህቴና የባሏ ነው፤ ይህን ሰውየውም አይክድም። ወንድሙ በሞተበት ዓመት የሰውየው ልጅ «ለጊዜው» ብሎ በሬውን ጠመደበት። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ለእህቴ የፈቀደውን ያህል ያስገባላታል። እሷ የምትፈልገው በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት ተካፍሎ፣ የሚያርስላት ሌላ ሰው ነው። ሥራ ወዳድ የሆነ ጎልማሳ ጎረቤት አላት፤ እሱም ቢጠየቅ እሺ ይላል። ነገር ግን ከል ለብሳ የእርሻ ነገር ብታነሣ፣ ባዕድ ወንድ ወደ ግቢዋ ብትጠራ፣ ነውር ነው። ለሐዘንተኛ ሴት የሚያስብላት የሟች ወንድም ነው። እንግዲህ ከሉ እስካለ የልጁ በሬ ከመሬቱ አይወጣም፤ ከሉ ደግሞ አባትየው ካላወለቀው አይወልቅም።

የነፍስ አባቷን ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን ከል ልበሱ የሚል ሥርዓት የላትም ልጄ። እሷ የምታዘው ጸሎትና ምጽዋት ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው ይህንኑ ለእሳቸው ይንገሩልን አባ።»

ሳል ያዛቸው። እስክሄድ ድረስ አልለቀቃቸውም።

በጥቅምት እህቴ ስልክ ደወለች። እሷ በረደኝ የምትል ሰው አይደለችም።

«ላሟ እጄን እየፈራችው ነው» አለች።

«ምነው?»

«በረዶ ነዋ። ስነካት ትራገጣለች።»

«የክንድ ሹራብ እሠራልሻለሁ።»

«ጥቁር ይሁን። ጌጥ አይኑረው።»

«ጌጥ ማን አነሣ?»

«አንቺን አውቅሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

የምሠራበትን ክር የማገኘው ከልባሽ ነው። ሱቅ የሚሸጠው አዲስ ክር ዓይን ይስባል እንጂ አይሞቅም፤ ፕላስቲክ ነው። ገበያው ዳር ልባሽ የምትሸጥ ወዳጅ አለችኝ፤ ከአያቶቿ ጀምሮ በዚህ ከተማ የነገዱ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናት። ከቦንዳው የሱፍ ሹራብ ሲወጣ ለእኔ ታስቀምጥልኛለች። እውነተኛ ሱፍ መሆኑን የምንለየው አንዲት ክር መዝዘን ክብሪት በመለኮስ ነው። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ለሌላ ገዢ ይሁን። ሱፍ ከሆነ ሹራቡን እተረትራለሁ፣ ክሩን አጥባለሁ፣ እርጥቡን ድንጋይ አንጠልጥዬበት አደርቃለሁ። ካልተጎተተ የድሮ ጥምዙ አይለቀውም።

ያን ቀን ያገኘችልኝ ጥቁር ሱፍ አንድ ስስ ሹራብ ብቻ ነበር።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለእህቴ።»

«እስካሁን ጥቁር ናት?»

«እስካሁን።»

«ወላሂ ይገርማል። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች፤ ከዚያ አበቃ። በቃሽ የሚላት ሰው አትጠብቅም፤ ቀኑ ራሱ ይላታል።»

«እኛ ዘንድ ቀኑ ዲዳ ነው» አልሁ።

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ክብሪቷን እያጠፋች «ታዲያ ያ ሰውዬ ለሐዘኑ ምን ለበሰ?» አለችኝ።

«ወንድ ፀጉሩን ካሳደገ ይበቃዋል።»

«አሳደገዋ?»

«በራ ነው።»

ያኔ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ንዴቱ ከበሩ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ጥቁሩ ክር ስስ ስለሆነ ብቻውን አይሞቅም። የኪሮሽ ሥራ ሙቀቱን የሚያገኘው ከጌጡ ነው፤ የማይሠራ ሰው ይህን አያውቀውም። በሁለት ቀለም ሲሠራ፣ ተራው ያልደረሰው ክር አይቆረጥም፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ሆድ ውስጥ ገብቶ ከሚታየው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ባለ ጌጡ ሹራብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሹራብ ነው። ጌጥ አይኑረው ያለችኝ እህቴ፣ ሳታውቀው፣ ከሙቀቱ ግማሹን ቀንሺልኝ ማለቷ ነበር።

ቤቴ ውስጥ ቀይ ሱፍ ነበረኝ፤ ወፍራምና ለስላሳ። ጥቁሩን ከላይ ላድርግ፣ ቀዩን ከሆዱ ላስገባው አልሁ። ከላይ ያለው ቀለም ከል ነው፤ ሆዱን ማን ያየዋል? ሰውየውን አታልዬ ሙቀቱን ላሳልፍላት አሰብሁ። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ የእጄ ሥራ ላላ። ጥንዱን ጨርሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነበር። ጅጋ ገበያ ከወጣች የእህቴ ጎረቤት ጋር ላክሁላት።

ያላሰብሁት ነገር ሹራብ የሚዘረጋው ጠረጴዛ ላይ አለመሆኑን ነው። ክንድ ውስጥ ሲገባ ይወጠራል፤ ሲወጠር ቀለበቱ አፉን ይከፍታል። የእህቴ አንጓ በቁርጥማት አብጧል። ጥቁሩ በተከፈተበት ሁሉ ቀዩ ብቅ ብቅ አለ። እሷ አየችው፤ ግን ስለሞቃት አላወለቀችውም።

የሆነውን የነገረችኝ የቡሬዋ ልጇ ናት። እናቷን ለማየት ወጥታ ነበር።

«አክስቴ፣ ያ የላኩላት ነገር ጉድ አፈላ።»

«ምን ሆነ?»

«እማዬ ሰንበቴ ላይ ጠላ ስትቀዳ እጇን ስትዘረጋ ቀዩ ታየ። አጎቴ ከተቀመጡበት ሆነው "ይኼ ምንድን ነው? ወንድሜ አጥንቱ ሳይደርቅ ቀይ ተጀመረ?" አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። እዚያው አስወልቀው ተቀበሏት።»

«ተቀበሏት?»

«"ጊዜው ሲደርስ እመልስልሻለሁ" ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሼም ነው እኮ አክስቴ! እንደ ሕፃን ልጅ!»

«እናትሽ ምን አለች?»

«ጠላውን ቀዳች።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። እኔ የምጮህ ሰው አይደለሁም፤ ስልክ ቤት ያሳለፍሁት ዕድሜ ድምፄን ዝቅ አድርጎ አስቀርቶታል። ያን ቀን ግን በባዶ ቤት ውስጥ ለግድግዳው የነገርሁት ነገር ነበር። ሰንበቴ በክርስቶስ ስም የሚበላበትና የሚጠጣበት ማኅበር ነው። በዚያ መካከል የስልሳ ምናምን ዓመት ሴት የእጇን አውልቂ ተብላ ስታወልቅ፣ ተው የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ወዲያው መሄድ አልቻልሁም። በተከፈተ ጊዜ በሚኒባስ ጅጋ ደረስሁ፤ ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ዳገቱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እማማ፣ ጸሎት እያደረሱ ነው?» አለችኝ። «እንደሱ ነገር ነው» አልኋት።

ወደ እህቴ ቤት የሚወስደው መንገድ በሰውየው በር ያልፋል። ከሰዓት ቢሆንም ደመናው ወርዶ ነበር፤ ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል። ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ የድንች ዘር ትመርጣለች። እሱ አጥሩ ሥር ቆሞ ገመድ ይገምዳል። ቀረብሁ። በሚስቱ እጅ ላይ የእኔ ሥራ ነበር። ጥቁሩ ከነቀዩ።

ሰላምታ በእኛ አገር ረጅም ነው። ምንም ብናደድ አላሳጠርሁትም። የእሱን ደኅንነት፣ የከብቱን፣ የልጆቹን፣ የእህሉን ጠየቅሁ። እሱም የእኔን ጠየቀ። ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ነበር። ከዚያ በኋላ፦

«የባለቤትዎ የክንድ ሹራብ ያምራል አያ» አልሁ።

ሴትዮዋ እጇን ድንቹ ውስጥ ቀበረችው። እሱ ገመዱን አልተወም።

«ብል ከሚበላው ብዬ ነው። ብርዱም ብርድ ነው።»

«ብርድ ነው?»

«ብርድ ነው እንጂ! አይታይሽም?»

«ለካ ብርድ ነው። እህቴ ስታደርገው ጌጥ ነበር።»

ሳቀ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሲስቅ ደግ ሰው ይመስላል። «አይ እሜቴ፣ እናንተ ከተሜዎች ከእግዜር የተሰጣችሁ አፍ ነው። እሷ እኮ ሐዘንተኛ ናት።»

«እርስዎስ? የሞተው ወንድምዎ አይደለም?»

«የእኔ ሐዘንማ ከሆዴ አልወጣም።»

«በልጅዎ ሠርግ ጊዜ እስክስታ ሲወርዱ አይቻለሁ። ከትከሻዎ ግን ወጥቷል።»

ሚስቱ ራሷን ዝቅ አደረገች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም። እሱ ገመዱን ጣለው።

«ነገር ማዞር አያስፈልግም» አለ። «ልጄ ያችን እርሻ ለዘለቄታው ይያዝ ትበል። ይህን ባለች ማግስት ነጭ ቀሚስ ይዤ እመጣለሁ፤ በግም አርዳለሁ።»

«ሐዘንዎ የሚወጣበትን ቀን እንዲህ አጥርተው ማወቅዎ ደግ ነው።»

«እህትሽን የምታበላሻት አንቺ ነሽ!» አለ። ያኔ ድምፁ ከፍ አለ። «ከተማ ተቀምጠሽ ክር ትልኪያለሽ፤ እሷ እዚህ ትዋረዳለች። ወልደሽ አታውቂ፣ ተድረሽ አታውቂ፣ ስለ ከል ምን ታውቂያለሽ?»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። መዳፌን ወደ ሚስቱ ዘረጋሁ። እሷ አንዱን አወለቀች፤ ሁለተኛውን አወለቀች፤ አፈሩን አራግፋ ሰጠችኝ። የእሷም ጣቶች መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠዋል። አዘንሁላት ማለት አልችልም፤ ነገር ግን አየሁት።

እህቴ ቤት ስደርስ እሷ የሆነውን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ ኖሯል። እግሬን ልታጥብ ውኃ አቅርባ ጠበቀችኝ።

«ተይው» አለችኝ።

ይህ ቃል ከሰውየው ይበልጥ አናደደኝ። ሕይወቷን በሙሉ ተይው ብላለች። ትምህርት ቤት ስገባ አብሬሽ ልግባ ብላ ስታለቅስ አባታችን ተቆጣት፤ ከዚያ በኋላ እኔ ስለሷ ሳለቅስ ተይው ያለችኝ እሷ ናት።

«አልተውም» አልሁ። «የእጅሽን አስወልቆ ለሚስቱ አለበሳት። ምን ልተወው?»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። ጥፋቱ የአንቺም ነው።»

«የእኔ?»

«ደብቀሽ መሥራትሽ። የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ስርቆት ይመስላል። እኔም ደብቄ ለበስሁት፤ ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጥሁ። በግልጥ ብለብሰው ኖሮ ምን ብሎ ያወልቀው ነበር? ክፈቺ ሳጥኑን።»

ሳጥኑ ውስጥ የበዓል ቀሚሷ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባሏ ያሠራላት ነው። ጥለቱ ቀይና ቢጫ ነው፤ በመካከሉ ሰማያዊ ዓይን አለው፣ በየዓይኑ ውስጥ ደግሞ ትንሽ መስቀል። ጫፉን ባበጠ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኸንን አስመስለሽ ሥሪልኝ» አለች። «ከሩቅ የሚታይ ይሁን።»

የሚገርመው ያኔ የፈራሁት እኔ ነኝ። ሰው ለመጣላት ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ «ሰው ምን ይላል?» አልኋት።

«የሚለውን ብሏል» አለች፤ እግሬንም ጎትታ ውኃው ውስጥ ከተተችው።

ቀሚሱን ይዤ ወረድሁ። የሸማኔ ጥለት ወደ ኪሮሽ በቀላሉ አይገባም። የሸማኔ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የኪሮሽ ቀለበት ግን በየዙሩ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ሳይጠነቀቁ ከሠሩት መስቀሉ የሰከረ ሰው ይመስላል። በየዙሩ መጨረሻ ሥራውን ገልብጬ መመለስ ነበረብኝ። አንጓው ላይ ሲጠብ ዓይኑ እንዳይቆረጥ ብዬ መስቀሉን አሳነስሁት። ሰማያዊው ክር ጠፍቶ ነበር፤ ወዳጄ ቦንዳውን ሁለት ገበያ ስትገለብጥ ከርማ ከአንድ የሕፃን ሹራብ አገኘችልኝ። «ይህንንማ በነጻ ውሰጂ» አለች፤ «ጠቡ የእኔም ነው።» ሥራው አልቆ ሳየው እጅ ላይ ሦስት ክር ተደራርቧል። ወፍራም ነው፤ ያሞቃል።

ራሴ ይዤላት ወጣሁ። የየካቲት ማርያም ነበረች። የመጀመሪያው እርሻ ሊጀመር ቀርቧል፤ ያን ሰሞን ካልተነጋገሩ ዓመቱ ያልፋል። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር እንደ ልማዱ ቆሞ ሰላምታ ይለዋወጣል። እህቴ ከል ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታለች። ከነጠላው ውስጥ የወጡት ሁለት ክንዶቿ ግን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው። ሰው ዓይኑን ወዴት እንደሚያሳርፍ ጠፋው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

ቀጥ ብላ ወደ ጎልማሳው ጎረቤቷ ሄደች። ሰውየው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከሽማግሎች ጋር ቆሟል።

«የኔ ወንድም፣ ዘንድሮ እርሻዬን በእኩል ታርስልኛለህ?» አለችው። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችውም።

ጎልማሳው ወደ ሰውየው ተመለከተ። «እትዬ፣ ከሉ እኮ...» አለና ተወው።

«ከልሽን ሳታወልቂ?» አለ ሰውየው ከዚያው ሆኖ። «በማርያም ቀን፣ በደጇ፣ ከልሽን አፍርሰሽ ወንድ ትጠሪያለሽ?»

እህቴ ዞረች። በአክብሮት እጅ ነሣችው።

«ከሌን መች አፈረስሁ አያ? ይኸው ለብሼዋለሁ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ እስኪያወልቁልኝ እለብሰዋለሁ፤ ካላወለቁልኝም ለብሼው እቀበራለሁ። እጄን ግን በረደው።» ሁለቱንም ክንዶቿን ወደ ፊት ዘረጋች። «ቀዩን በጥቁር ደብቄ ለብሼ ቀምተውኝ ነበር፤ ይህ ግን በግልጥ ነው። አሁንም ለእትዬ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይውሰዱላቸው።»

ከሴቶቹ መካከል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የእሱ ሚስት እዚያው ነበረች። ሹራቡን ማን ለብሶት እንደሰነበተ አገሩ ሁሉ አይቷል።

አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን መሬት መቱና «ከል ቀሚስ ነው፤ እጅ ከል የለበሰበትን አገር እኔ አላየሁም» አሉ። ሌላዋ «እሱስ ራሱን ቢሸፍን ይሻለዋል፤ በራውን ብርድ መታው» አለች። ሽማግሎቹ ወደ ዛፉ ቀና ብለው ቅጠል ማየት ጀመሩ።

ጎልማሳው ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። «ሰኞ በሬዬን ይዤ እመጣለሁ እትዬ» አለ።

ሰኞ መጣ። የሰውየው ልጅም በሬውን ይዞ መጥቶ ነበር። እህቴ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ታያቸው ነበር። ልጁ ጥቂት ቆሞ በሬውን መለሰ። እርሻው ታረሰ።

ይህን የሰማ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ይለኛል። የልባሽ ነጋዴዋ ወዳጄ ሻይ ጋብዛኛለች። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሰውየው እስከ ዛሬ ነጭ ቀሚስ ይዞ አልመጣም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ የባሰበት ይመስለኛል፤ በሠርግ ቤት ሁሉ ስለ ወንድሙ እያነሣ ዓይኑን ይጠርጋል አሉ። እህቴ መሬቷን አገኘች፤ ልብሷን ግን አላገኘችም። በበዓል ቀን አሁንም ጓዳ ናት። «አንቺ ራስሽ አውልቂው፤ እርሻውን ካስለቀቅሽ ወዲያ ምን ቀረሽ?» ብላት አልሰማችኝም። እሱ ልማዱን ቢያረክስ እኔ አላረክሰውም ትላለች። ባሌን አዝኜለታለሁ፤ ሐዘኔን በገዛ እጄ ጠብ አላደርገውም ትላለች። ይገባኛል። ይገባኛል ማለት ግን ንዴቴ በረደ ማለት አይደለም። ተው ያላሉት ሽማግሎች፣ ሳል የያዛቸው አባ፣ ቅጠል ያዩት ሁሉ፣ ዛሬም በዚያው ዛፍ ሥር ከእሱ ጋር ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ደወለች።

«ላሟ ተስማማችኝ» አለች።

«ደግ ነው።»

«ሌላ ጥንድ ሥሪልኝ። ይኼኛው ከክርን በላይ ይለፍ።»

«ክርንሽንም አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ እስከ የት ይሁን?»

ከጀርባዋ የጎልማሳው በሬ ሲነዳ ይሰማኛል።

«እስከ ትከሻዬ አድርጊው» አለችኝ። «የሚቀጥለውን ደግሞ ያን ጊዜ እናያለን።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቢጫው ሱፍ አልቆብኝ ስለነበረ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ገበያ ወጣሁ።